በየደጁ ጉብታ

ዓይን ሁሜር፣ ማርች 6፣ 1998

አባቴ መቀመጥ አልቻለም።

የአጎቴ ልጅ ሙፍሊህ፣ ሰላምታዬ ወደ ኋላ መቅረቱን ይቅር በለኝ፤ ይህችን ካልጻፍኩ ብዕሩ አልሄድ አለኝ። የአላህ ሰላም ባንተ ላይ ይሁን። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራህስ? እኛ ጋ ዝናቡ ደህና ነበር፤ ባቄላው በርክቷል፤ በለሱም ቅጠል ማውጣት ጀምሯል።

አባቴ ብርዱ ከገባ ጀምሮ ወገቤን ሲል ነበር። አማን ወስጄ አስመረመርኩት። አከርካሪው ላይ ዕጢ አለ፤ አጥንቱን እየበላው ነው። ሐኪሙ እስከ ጁን መጨረሻ በሳምንት ሦስት ቀን ጨረር ካገኘ ሕመሙ ይቀንሳል፣ በእግሩም ይሄዳል አለኝ። «መንገድ ላይ እንዳይንገጫገጭ ብቻ፤ አጥንቱ አሁን እንደ ብስኩት ነው» አለኝ። ከየት እንደምንመጣ አያውቅም።

መንገዱን አንተ ታውቀዋለህ፤ ከሄድክ ወዲህ ግን ብሷል። መኪና ሰው በገደለበት ደጅ ሁሉ ጉብታ አለ። ባለፈው ሴፕቴምበር የጎረቤታችን የሐምዳን ልጅ በመኪና ከሞተ በኋላ ሐምዳን በገዛ እጁ ሲሚንቶ አቡክቶ ከደጁ ላይ ትልቁን ሠራ። እንደ ልማዳችን ማዘጋጃ ቤቱ አልተጠየቀም፤ እንደ ልማዳችንም ማንም አይነካውም። የሟች ጉብታ ነው።

አውቶቡስ ሞከርን። ሰልት ሳንደርስ አባቴ የፊተኛውን ወንበር መደገፊያ ነክሶ ጥርሱ ተሰበረ። ታክሲዎቹ የተኛ ሰው አንጭንም አሉ። ስለዚህ ሳልጠይቅህ ያንተን መኪና ከሸራዋ ሥር አወጣኋት። የፊት ወንበሩን ነቅዬ ፍራሽ ዘረጋሁ፤ ራሱ በኋላ፣ እግሩ በፊት። ቀስ ብዬ ነዳሁ። ሞላዋ ለስላሳ ነው፤ የሐምዳን ደጅ ላይ ብቻ አቃሰተ።

«የማን መኪና ናት?» አለኝ።

«የሙፍሊህ።»

«አላህ ይባርከው። ልጅ እያለ ቁራሽ ዳቦውን አያስነካኝም ነበር።»

አንተ አልሰጠኸንም፤ እኔ ነኝ የወሰድኩት። አሁን እጠይቅሃለሁ። እስከ ጁን መጨረሻ ተውልኝ።

ወንድምህ ዘይዳን


ሻርጃ፣ ማርች 24፣ 1998

ለተከበርከው ወንድሜ፣ ለመከታዬ ለዘይዳን፤

አላህ ዕድሜህን እንደ መንደራችን ምንጭ የማይነጥፍ ያድርገው፤ ቤትህን ከክፉ ዓይን ይጠብቀው። እኔ ለጌታ ምስጋና ይግባውና ከናፍቆታችሁ በስተቀር የጎደለኝ የለም። የአጎቴን ሕመም ሳነብ ማዕዱን ትቼ ተነሳሁ። አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። መኪና ምንድን ነው? ብረት ነው። መኪናዋ የሳቸው ናት። እጃቸውን ሳምልኝ።

አንዲት ትንሽ ጉዳይ ብቻ አለችኝ።

ሠርጉ ጁላይ 17፣ ዓርብ ሆኗል። ሉባባን ከሰልት፣ ከአባቷ ቤት የማወጣት በዚችው መኪና ነው። በነሱ ቤት ልማድ ሙሽራ ከአባቷ ደጅ ከተነሳች ባሏ ደጅ እስክትደርስ እግሯ መሬት አይነካም፤ መኪናም አትቀይርም፤ ካደረገች ትዳሩ አይጸናም ይላሉ። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያየው ያቺን አንዲት መኪና ነው፤ ከሰልት ከናንተ ደጅ በላይ እስካለው አዲሱ ቤቴ። ባለፈው በጋ ወንድሟ ራካን አጎቶቿ ፊት ምን እንዳለኝ ታስታውሳለህ። «ግመልህን የት አሰርካት?» ነው ያለኝ። የሱ ቢ ኤም ደብሊው ከኔዋ ጋር አንድ ሞዴል ናት፤ እሷ መሬት እየላሰች ትሄዳለች፣ የኔዋ እንደ ቆመች ናት። ሳቃቸው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከጃፓን የመጡ፣ የመንገዱን ንቅናቄ የሚውጡ ሾኮች ገዝቻለሁ። ሞላው ከሾኩ ጋር አንድ ላይ ነው፤ ቀለበቱን ስታዞረው መኪናዋ ከፍ ወይም ዝቅ ትላለች፤ አናቱ ላይ ያለውን ትንሽ መዞሪያ ስታዞረው ይጠነክራል ወይም ይለሰልሳል። ሐጅ ፈውዛን በጭነት መኪናው ያደርስልሃል። እንደ ደረሰ ግጠምልኝ። በጎማውና ከላዩ ባለው ፓራፋንጎ መካከል ሲጋራ እንዳያልፍ አድርገህ ፎቶዋን ላክልኝ። ካንተ በቀር ሌላ እጅ እንዲነካት አልፈልግም።

ታናሽህ ሙፍሊህ


ዓይን ሁሜር፣ ኤፕሪል 7፣ 1998

ወንድሜ ሙፍሊህ፣ ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለምትሠራበት ቤት ይሁን። ለሠርግህ ቀን እንኳን አበቃህ። አባቴ እጁ ሲሳም ሳቀ፤ «የሻርጃ ከንፈር ይሞቃል» አለ።

ሳጥኑ ሐሙስ ገባ። ሐጅ ፈውዛንና እኔ ተሸክመን ስናስገባው አባቴ ከአልጋው ቀና አለ።

«ሬሳ ሳጥን ነው እንዴ? ትንሽ አልቸኮላችሁም?»

«ሾክ ነው አባባ። የሙፍሊህ መኪና ዕቃ ነው።»

«እሷም ወገቧን ታማለች?»

መቼም ዕቃው ዕቃ ነው። የሾኩ ብሎን ጥርስ ስስ ነው፤ ቀለበቱ ቅባት እንደተቀባ ይዞራል። በዚህ ሁሉ ዘመን ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልነካሁም። ግን ሞላው አጭር ነው፣ ደረቅም ነው። መኪናዋ ዝቅ ካለች ሾኩ የሚሄድበት ቦታ ያጣል፤ ጉብታ ላይ ብረት ለብረት ትመታለች። ውስጧ የተኛው ሰው ደግሞ አባቴ ነው። ሐኪሙ ያለውን ጽፌልሃለሁ።

ጨረሩ በጁን መጨረሻ ያልቃል። ከዚያ በኋላ እስከ ሠርግህ ጊዜ አለ፤ ለኔ አንድ ቀን ይበቃኛል። እስከዚያ ሳጥኑ አልጋዬ ሥር ይቀመጥ።

ደግሞ ደስ የሚልህን ልንገርህ። ትናንት በከዘራ እስከ በለሱ ዛፍ ሄዶ ተመለሰ። ማንም አልደገፈውም። እዚያ ሆኖ ጠራኝና «ይህን ዛፍ የተከልኩት እኔ ነኝ፤ መጥተህ ጥላው ሥር ቁምና አመስግነኝ» አለ።

ወንድምህ ዘይዳን


ሻርጃ፣ ኤፕሪል 15፣ 1998

ለወንድሜና ለክብሬ ለዘይዳን፤

የለመኑትን የማያሳፍር ጌታ ይመስገን። አጎቴ በከዘራ መሄዳቸውን አንብቤ ተነስቼ ሰገድኩ። የዓይን ሁሜርን አየር የሚተነፍስ ሁሉ ጤናው ይብዛለት።

ስለ ሾኮቹ የጻፍከው ግን ገርሞኛል። አንተ መካኒክ ሆነህ እኔ ልንገርህ? ከፍና ዝቅ የሚሉት ለዚህ አይደለም እንዴ? አሁን ከፍ አድርገህ ግጠማቸው፣ አለስልሳቸው፣ አጎቴም ይመቻቸዋል። ለሠርጉ ታወርዳቸዋለህ። አዲስ ሾክ በሠርግ ዋዜማ አይገጠምም፤ ቢያፈስ ወይም ቢጮህ ማን ይደርስልኛል? ዛሬ ነገ ሳትል ግጠም።

አሮጌዎቹን ሾኮችና ሞላዎች ለራካን ስጠው። እሱ የራሱን ድሮ ሸጧል፤ ጁን ላይ ደግሞ የቦሎ ምርመራ አለበት፤ ዝቅ ያለ መኪና እንደማያሳልፉ ታውቃለህ። እንደ ሁሉም ሰው ለምርመራው ቀን አስሮ ያልፍና ይመልሳል። አማች ነው፤ እንቢ አይባልም።

ታናሽህ ሙፍሊህ


ዓይን ሁሜር፣ ሜይ 2፣ 1998

ወንድሜ ሙፍሊህ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። እውነትህን ነበር። መካኒኩ እኔ ብሆንም ልክ የነበርከው አንተ ነህ።

ባለፈው ዓርብ ሳምንት ገጠምኳቸው። ጎማዎቹን አወለቅሁ፣ ከኮፋኖው ሥር ያሉትን ዳዶዎች ፈታሁ፣ አሮጌዎቹን አወጣሁ፤ ራካን በዕለቱ መጥቶ ወሰዳቸው። የአዲሶቹን ቀለበት እስከ ላይ አዞርኩ፣ መዞሪያዎቹን እስከ መጨረሻው አለሰለስኩ። ከዚያ ሐምዳንን መሪው ላይ አስቀምጬ እኔ በአባቴ ፍራሽ ላይ ተኛሁና «ንዳ» አልኩት።

ከገዛ ጉብታው ላይ ሲወጣ በግራ በኩል ወገቤን መታኝ። ወረድኩ፣ የኋላውን ትንሽ አዞርኩ፣ የጎማውን ንፋስ ቀነስኩ፣ ተመልሼ ተኛሁ። አሁን ትከሻዬን መታኝ። እንደገና ወረድኩ።

«እስከ መቼ ነው የምንመላለሰው?» አለ ሐምዳን።

«ጉብታህን እስክረሳው ድረስ።»

«እኔ ልረሳው አልቻልኩም» አለኝ። እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጉብታውን መቼ እንዳለፍን ሳላውቅ ቀረሁ። ሰኞ አባቴን ወሰድኩት። ሰልት ሳንደርስ አንቀላፋ። ከታመመ ጀምሮ መኪና ውስጥ ሲተኛ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሲነቃ «የሐምዳን ደጅ ገና ነው?» አለኝ። አማን ገብተን ነበር። ከዚያ እስክንመለስ አንተን ሲመርቅ ዋለ፤ ምርቃቱን ልጽፈው አልችልም፣ ረጅም ነው።

ፎቶው በዚህ ውስጥ አለ። ለፎቶው ብዬ አወረድኳት፤ ሲጋራ አያልፍም፤ ሞክሬዋለሁ። ካነሳሁ በኋላ መልሼ ከፍ አደረግኋት። ይህን የምነግርህ ሌላ ሰው ከፍ ብላ አይቶ እንዳይነግርህ ነው። ሠርግህ ሳምንት ሲቀረው መሬት ትልሳለች።

ወንድምህ ዘይዳን


ሻርጃ፣ ሜይ 11፣ 1998

ለወንድሜ፣ ለአባቴ ወንድም ልጅ፣ ከሩቅ ሆኜ በስሙ ለምኮራበት ለዘይዳን፤

አላህ ጥበብህን ያብዛልህ፣ እጅህን ይባርክልህ። ያንተ ዓይነት ወንድም ያለው ሰው ባዕድ አገር ውስጥ ብቸኛ አይባልም።

ፎቶዋን አይቻለሁ። ውብ ናት። ግን ውሸት ነው። ፎቶው ሳይደርሰኝ ራካን ደወለልኝ። ሰልት ገበያ ላይ አይቷችኋል። «ግመልህ እግር አበቀለች፤ እግሮቹ በፊት መስታወት ይታያሉ፤ ካልሲም አድርገዋል» አለኝ። አጠገቡ ሰዎች ሲስቁ ይሰማኛል። የሉባባ እናትም ሰምታለች። ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው በተኛበት ልጄ አትቀመጥም ብላለች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። አጎቴ ለሚተኙበት እኔ ጀርባዬን አነጥፋለሁ። ግን ሰው ነው፤ አፉን ማን ይዘጋዋል?

ስለዚህ አሁኑኑ አውርዳት። ካወረድክ በኋላ ቀለበቶቹን ከአካላቸው ጋር በየዳቸው፤ በየቀለበቱ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ማንም እንዳያዞራቸው። ራካን መጥቶ በጣቱ ዳስሶ ያያል። የብየዳውን ፎቶም ላክልኝ። ካልተመቸህ ቁልፉን ለራካን ስጠው፤ እሱ ያስበይዳታል፤ እሱ ጋም ትቆያለች።

አጎቴን ማመላለስህን ግን እንዳታቋርጥ። መኪናዋ የሳቸው ናት ብያለሁ።

ታናሽህ ሙፍሊህ


ዓይን ሁሜር፣ ሜይ 21፣ 1998

ሙፍሊህ፣ ሰላም።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ወደ ራካን ሄድኩ። አዲሶቹን በይጄ ላሳየውና በጨረሩ ቀን አሮጌዎቹን ልሰር ብዬ አስቤ ነበር፤ ማሰርና መፍታቱ እንቅልፌን ይበላ እንጂ ሌላ ምን ይበላል። ደጁ ላይ መኪናውን እያጠበ አገኘሁት።

«አሮጌዎቹን ሾኮች መልስልኝ።»

«ቦሎዬ ጁን ላይ ነው።»

«ለዚያ ቀን አመጣልሃለሁ፤ ራሴ አስርልሃለሁ።»

«ሙፍሊህ እስከ ሠርጉ እንዳትሰጠው ብሎኛል።» ጨርቁን ጨመቀ። «አባትህ ግን ጠንካራ ሰው ነው። እስካሁን አለ?»

ቤት ገብቼ ደብዳቤህን ለአባቴ አነበብኩለት። አልደበቅኩትም። ጣራውን እያየ ሰማኝ።

«ከመኪናዬ ውጣ ማለት አፍሮ ነው» አለ። «ልጅ ሆኖም እንዲህ ነበር። እራቱን ሲጠላ አልበላም አይልም፤ ሳህኑን ይጥልና ‹ወደቀብኝ› ይላል።»

«ቁልፉን ልመልስለት?»

«ከዚያስ? በምን ልትወስደኝ ነው?»

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት።

«ጥቂት ነው የቀረኝ» አለ። «እስከ በለሱ ሄጃለሁ። እስከ መስጊዱ መሄድ እፈልጋለሁ። በየደውና ቀስ ብለህ ንዳ።»

በየድኩት። አንዴ ከተበየደ በኋላ ቀለበቱን በመፍጫ መቁረጥ ይቻላል፤ ግን የሾኩ ጥርስ አብሮ ይበላል፤ መኪናዋ ከዚያ ወዲያ ከፍ አትልም። ሞላዎቹ እኒህ ናቸው፣ ቁመቷም ይህ ነው። ይህን አውቀህ እንዳዘዝከኝ አድርጌ ልያዘው። ራካን መጥቶ በጣቱ ዳሰሰ። «ጎበዝ» አለኝ።

የብየዳው ፎቶ በዚህ ውስጥ አለ። ከተበየደ ወዲህ አንድ ጊዜ ሄደን መጥተናል። ጨርቅ አጣጥፎ ጥርሱ መካከል ያዘ። ከፊት የተሰበረውን ጥርስ እያሳየ «የቀሩትን ልጠብቃቸው» አለኝ።

ዘይዳን


ሻርጃ፣ ሜይ 29፣ 1998

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለወንድሜ ለዘይዳን፤

ሰላምታዬ ከባሕሩ ሞገድ ይበልጣል። አላህ በሁለቱም ዓለም ደረጃህን ከፍ ያድርገው። ፎቶው በመንገደኛ እጅ በፍጥነት ደረሰኝ። ብየዳህ እንደ ጌጥ ነው። እዚህ ጋራዥ ያላቸው ጓደኞቼ አይተው «ይህ ሰው ሻርጃ ቢመጣ ያከብሩት ነበር» አሉ። ራካንም ደውሎ ከእንግዲህ ግመል አልላትም ብሎኛል።

ቀኑ እየቀረበ ስለሆነ ወንበሯን ከአሁኑ መልስልኝ። ውስጧንም በሳሙና እጠባት፤ የመድኃኒት ሽታ ጨርቅ ውስጥ ከገባ አይወጣም ይላሉ። አጎቴ ተቀምጠው መሄድ ይለማመዱ፤ ሐኪሞች ሰው ሲለማመድ ነው የሚድነው ይላሉ።

ለእሳቸው ለሠርጉ የሚለብሱት ነጭ ጀለቢያ በሐጅ ፈውዛን እጅ ልኬያለሁ።

ታናሽህ ሙፍሊህ


ዓይን ሁሜር፣ ጁን 6፣ 1998

ሙፍሊህ፣

ማክሰኞ የሐምዳን ጉብታ ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሾኩ የተሰበረ መሰለኝ። መኪናዋን አቁሜ ወረድኩ፣ መሬት ላይ ተኝቼ ሥሯን አየሁ። ምንም አልሆነችም። ዕቃው ዕቃ ነው። ቀና ስል አባቴ ጨርቁን ከአፉ አውጥቶ «እኔ ነኝ» አለኝ።

እግሮቹን አያንቀሳቅስም። ሐኪሙ ጨረሩን አቆመ። «ምን ሆኖ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መንገድ ነው አልኩት። «ምን ዓይነት መኪና ነው የያዝከው?» አለ። የዘመዴ ናት አልኩት።

ወንበሯ ተመልሷል። ውስጧ ታጥቧል። ጀለቢያው ደርሷል።

ዘይዳን


ዓይን ሁሜር፣ ጁን 19፣ 1998

ሙፍሊህ፣

አባቴ ረቡዕ ሞተ። በዕለቱ ከዓስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ ቀበርነው። የወሰድነው በሐምዳን የበግ ፒክአፕ ነው። ቃሬዛው ያንተ መኪና ውስጥ አይገባም፤ ቢገባም አልጠይቅህም ነበር። ፒክአፕዋ ጉብታውን ስታልፍ ሐምዳን ከመሪው ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። አሁን ማንም አይታመምም አልኩት።

ከመሞቱ በፊት ስምህን ጠርቷል። ምን እንዳለ ስትመጣ ጠይቀኝ።

ዘይዳን


ሻርጃ፣ ጁን 28፣ 1998

እኛ ሁላችን የአላህ ነን፣ ወደ እርሱም ተመላሾች ነን።

ለወንድሜ፣ ከእንግዲህ አባትም ለምትሆነኝ ለዘይዳን፤

እንባዬ ወረቀቱን አበላሽቶብኝ ነው የዘገየሁት። አላህ ለአጎቴ የጀነትን በር ይክፈትላቸው፣ መቃብራቸውን ሰፊ ያድርግላቸው፣ ለእኛም ለቀሪዎቹ ትዕግሥትን ይስጠን። ዕድሜያቸው ነበር። ከሕመሙ ዐረፉ። አንተ የልጅነትህን አድርገሃል፤ ማንም አይወቅስህም።

በሐዘንህ መካከል ላስቸግርህ ነው። አርባቸው ሳይወጣ ሠርጉ ይውላል። ቀኑን እንዳልገፋ የዕረፍት ፈቃዴ ያልቃል፤ የሉባባ አባትም ድግሱን ጀምሯል። ሰው ደግሞ ያወራል፤ ያሳደገው አጎቱ አፈር ሳይጠጣለት ከበሮ አስመታ ይሉኛል። ስለዚህ አንድ ነገር አድርግልኝ። አጎቴ ከመሞታቸው በፊት «የሙፍሊህ ሠርግ በኔ ምክንያት እንዳይዘገይ» ብለው ተናዝዘዋል ብለህ ለሰው ንገርልኝ። ቢችሉ ኖሮ ይሉት ነበር፤ አንጀታቸውን አውቀዋለሁ። የሐዘኑን ድንኳንም ከመንገዱ ዳር አንሳው፤ ሙሽራ ጥቁር ነገር አይታ እንዳትገባ።

መኪናዋን ራካን ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው መጥቶ ይወስዳታል፤ ሰልት ያጌጧታል። እኔ ቀጥታ እዚያ ነው የማርፈው። አንተ በዕለቱ አጀቡን ከመንደሩ መግቢያ ተቀብለህ እስከ ቤቴ ድረስ ምራልኝ። ካንተ ሌላ ማን አለኝ?

ታናሽህ ሙፍሊህ


ዓይን ሁሜር፣ ጁላይ 9፣ 1998

ራካን ቁልፉን ሊወስድ መጥቶ ደጅ ቆሟል። ይህን ደብዳቤ ለሱ እሰጠዋለሁ። ማንበብ አይወድም፤ ሳይከፍት ያደርስልሃል።

ያዘዝከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ድንኳኑን አንስቻለሁ። ዓርብ መስጊድ ውስጥ ቆሜ አባቴ የሙፍሊህ ሠርግ እንዳይዘገይ ተናዝዟል አልኩ። ሰው አመነኝ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። ስለዚህ ቀኑ አይቀየርም፤ ቢቀየር የሟች ኑዛዜ ተጣሰ ይላሉ።

መኪናዋ ባለችበት ናት። ቀለበቶቹ አይዞሩም፤ በጣትህ ዳስሰህ ማየት ትችላለህ። የበየድኩት እኔ ነኝ፤ ያንን ለማንም አልሰጥም። ለራካን ከመስጠቴ በፊት ሥሯ ገብቼ ከመሬት እስከ ሆዷ ያለውን በእንጨት ለካሁ። እንጨቱ እኔ ጋ ነው።

ዛሬ ከደጃችን ላይ ጉብታ እሠራለሁ። መኪና ሰው ገድሎብናል፤ እንደ ማንኛውም ሰው መብታችን ነው። ሐምዳን ጠዋት አሸዋና ጠጠር አምጥቶ አራገፈልኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ አካፋ ይዞ መጥቷል። ለምን ከፍ አደረግከው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። በአንዱ በኩል የወይራው እርከን ነው፣ በሌላው በኩል የቤታችን ግንብ ነው፤ ወደ አዲሱ ቤትህ የሚወጣው መንገድ ይኸው አንዱ እንደሆነ አንተ ራስህ ቦታውን ስትገዛ ያልከው ነው። እስከ ሠርግህ ዓርብ ሲሚንቶው በደንብ ይደርቃል።

አጀቡን ከመንደሩ መግቢያ እቀበላለሁ። እስከ ደጃችን እመራችኋለሁ። ከዚያ በላይ ያንተም የራካንም መኪና አትወጣም። ሙሽራዋ በእግሯ ልትወጣ ትችላለች፤ ቤትህ ይታያል፣ ሩቅ አይደለም። መኪና ልትቀይርም ትችላለች። ጉብታውን የሚያልፍ መኪና በሰፈሩ ያለው የሐምዳን የበግ ፒክአፕ ብቻ ነው፤ አባቴን የወሰድንባት። አጥበናታል። ወይም አንተ ዶማ ይዘህ ወርደህ፣ በሠርግ ልብስህ፣ የሉባባ እናት እያየች፣ ሰዉ ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ ያሳደገህን ሰውዬ ጉብታ ልትሰብረው ትችላለህ። ማንም አይከለክልህም።

አባቴ ስምህን ጠርቶ ምን እንዳለ ስትመጣ ጠይቀኝ ብዬህ ነበር። «ሙፍሊህ ደህና ገባ ወይ?» ነው ያለው። ገና ልጅ ሆነህ ከትምህርት ቤት ስትዘገይ እንደሚለው።

ራካን ጡሩምባ እየነፋ ነው፤ እሱ ካላለፈ መጀመር አንችልም። ሐምዳንም ከውጭ ውኃ አልቋል እያለ ይጮኻል። ባልዲውን ይዤ ወጣሁ።